ጉልበት የማይገዛው ቅርጫት

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ጋሸና የሚጓዝ ሰው ንፋስ መውጫ ላይ ከመኪና ወርዶ ሻይ ልጠጣ ቢል ቀድሞ የሚቀበለው ነፋሱ ነው። የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ንፋስ መውጫ ከባህር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ስሟን ያወጣላት ሰው ብዙ የተጨነቀ አይመስልም፤ ያየውን ነው የጠራው። እዚያ ከፍታ ላይ ኳስ ወደ ላይ የወረወረ ልጅ፣ ኳሷ የት እንደምታርፍ የሚወስነው እሱ ብቻ አይደለም።

እስቲ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ዘጠነኛ ክፍሎችን አሰልፎ የቅርጫት ኳስ ውርወራ ሊፈትን ነው እንበል። ለአንድ ተማሪ 10 ኳስ። አንዷ ልጅ ጉልበቷን አጠፍ፣ ክርኗን ከኳሷ ስር ገባ አድርጋ በጣቶቿ ጫፍ ወደ ላይ ትለቃለች። ኳሷ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጣ ትሄድና ቀለበቱ አጠገብ ስትደርስ ነፋሱ ገፋ ያደርጋታል። ከ10 ሦስት አገባች። ቀጥሎ የመጣው ጎረምሳ ደግሞ ዝንጀሮ ከማሳ እንደሚያባርር እረኛ ከትከሻው አንስቶ ይወነጭፋታል። ኳሷ ሰሌዳውን ደብድባ፣ ቀለበቱን ነቅንቃ እንደምንም ትገባለች። ከ10 ስድስት። መምህሩ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል። ለማን ነው የበለጠውን ማርክ የሚሰጠው?

ለእግር ኳስ ተመልካች ይሄ ጥያቄ አይከብድም። ጎል ጎል ነው። ተከላካይ ነክታ ትግባ፣ አጥቂው ሳያስበው በጭኑ ትምታ፣ ሰሌዳው ላይ 1 ለ 0 ከተጻፈ በቃ አለቀ፣ ቀሪው የካፌ ወሬ ነው። ሊያስተምር የቆመ ሰው ግን እንደ ተመልካች ሊያይ አይችልም። የልጁ ስድስት ኳስ ነገ ሁለት ልትሆን ትችላለች፤ የልጅቷ ሦስት ደግሞ ነፋስ የሌለበት ቦታ ስምንት ልትሆን ትችላለች። መምህሩ የሚፈርደው በኳሷ ነው ወይስ በእጁ?

ይህንን ጨዋታ የፈጠረው ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ ያለው ታሪክ ትንሽ ግራ ያጋባል። ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጉልበተኛው በጉልበቱ ብቻ እንዳይጠቀም አስቦበት ነው። ውርወራውን ከማንም በፊት ያሰበው እሱ ነው። እንዴት እንደሚወረወር ማሰልጠንን ግን ብዙም አላመነበትም ነበር። በዚህም የተነሳ የፈጠረውን ጨዋታ ሌሎች አስተማሩለት።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ

ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1861 በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ አልሞንት ከተባለች ከተማ አካባቢ ከስኮትላንድ ዝርያ ቤተሰብ ተወለደ። ልጅነቱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ገና በ9 ዓመቱ ታይፎይድ አባቱንና እናቱን በሳምንታት ልዩነት ነጠቀው። አጎቱ ወሰደው፤ እርሻ ላይ እየሰራ አደገ። ትምህርቱን አቋርጦም ለተወሰኑ ዓመታት ጫካ ገብቶ እንጨት ቆራጭ ሆነ። በ20 ዓመቱ አካባቢ ነው እንደገና ደብተር ይዞ ከትንንሽ ልጆች ጋር ክፍል የተቀመጠው።

ያኔ በመንደሩ ልጆች ዘንድ የሚዘወተር አንድ ጨዋታ ነበር። በእንግሊዝኛ ዳክ ኦን ኤ ሮክ ይሉታል፤ ዳክዬ በድንጋይ ላይ እንደማለት ነው። አንድ ወደል ድንጋይ አለ። እላዩ ላይ የአንዱ ልጅ ትንሽ ድንጋይ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ሌሎቹ ከርቀት በየድንጋያቸው መትተው ሊጥሉት ይሞክራሉ። ወርውሮ የሳተ ልጅ ድንጋዩን ለማምጣት መሮጥ አለበት፤ ጠባቂው ከነካው ቦታ ይለዋወጣሉ። ጋይንት ውስጥ ከብት የጠበቀ ሰው የጨዋታውን ስም ባያውቅም ነገሩን አያጣውም። ድንጋይ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ማነጣጠር የእረኛ ሁሉ ጨዋታ ነው።

ዋናው ነገር አወራወሩ ላይ ነው። በጉልበት ቀጥ አድርጎ የወረወረ ልጅ ከሳተ ድንጋዩ ርቆ ይሄድበታል፣ እስኪያመጣው ድረስ ይያዛል። ድንጋዩን ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ የጣለ ልጅ ግን ቢስትም ድንጋዩ እዚያው አጠገብ ያርፍለታል። ናይስሚዝ ይህን የተማረው ከመምህር ሳይሆን ከመያዝ ነው። 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ሥራውን ያተረፈለትም ይሄው ነው።

ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1887 ተመረቀ። ራግቢውም ጂምናስቲኩም እየሆነለት ቄስ ለመሆን የሃይማኖት ትምህርት ቀጠለ። በዚያን ዘመን ስፖርትና ክህነት አብረው አይሄዱም የሚሉ ብዙ ነበሩ፤ አብረውት የሚማሩ ወጣቶች ራግቢ ስለሚጫወት ለነፍሱ ይጸልዩለት ነበር ይባላል። እሱ ግን ወጣትን በስፖርት በኩልም መምከር ይቻላል ብሎ በ1890 ወደ አሜሪካ ተሻገረና ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ወደሚገኘው የወወክማ ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት ገባ። አዎ፣ ያው ወወክማ፤ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማህበር። ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ደርግ እስኪዘጋው ድረስ ስንቱን የከተማ ልጅ ቅርጫትና መረብ ኳስ ያስለመደው ማህበር የጨዋታው የትውልድ ቤት ነው።

14 ቀን

በ1891 መጨረሻ ስፕሪንግፊልድ በበረዶ ተሸፍናለች። ውጪ መጫወት አይቻልም። 18 ጎልማሶች ያሉበት አንድ ክፍል ጂምናዚየም ውስጥ ተዘግቶበት በየቀኑ ያንኑ ማርሽና ጂምናስቲክ እየሰራ ተሰላችቷል። ሁለት አስተማሪዎች ሞክረው እጅ ሰጥተዋል። የክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ ለናይስሚዝ ሰጠውና እቤት ውስጥ የሚቻል አዲስ ጨዋታ አምጣ አለው። የተሰጠው ጊዜ 14 ቀን ነው።

ናይስሚዝ መጀመሪያ የታወቁትን ጨዋታዎች ወደ ቤት አስገባ። የአሜሪካንን ፉትቦል ሞከረ፣ ሰው ተላተመ። የኛን እግር ኳስ ሞከረ፤ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ የተለጋች ኳስ የምታደርሰውን ጉዳት መገመት አያቅትም፣ መስኮቱም ሰውም አልተረፈም። ላክሮስ የሚባለውን የካናዳ ጨዋታ ሞከረ፣ ዱላ ስላለበት ባሰ። ቀኑ እያለቀ መጣ።

ከዚህ በኋላ ነው መጫወቱን ትቶ ማሰብ የጀመረው። ሰው ለምን ይላተማል? ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ለመጣል። ታዲያ ኳስ ይዞ መሮጥ ይከልከል። ኳሷ ትልቅ ትሁን፣ በእጅ ትያዝ፣ ዱላ አያስፈልግም። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጎሉስ? ጎሉ እንደ እግር ኳስ መሬት ላይ ቆሞ ከተተከለ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ነው የሚወረውረው፣ እንደገና ሰው ይጎዳል። እዚህ ላይ የአልሞንት ድንጋይ ትዝ አለው። የጎሉ አፍ ወደ ሰማይ ቢሆንና ከሰው ራስ በላይ ቢሰቀል፣ በጉልበት የወረወረ አያገባም። ኳሷ ወደ ላይ ወጥታ ወደ ታች መውረድ አለባት። ተከላካዮችም ጎሉ አፍ ላይ ተደርድረው ሊዘጉት አይችሉም።

በእርግጥ ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው እዚህች ሐሳብ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ከሌሎች ጨዋታዎች ሊወሰድ ይችል ነበር።

የሕንፃው ጠባቂ ስቴቢንስ 45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሁለት ሳጥን አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የኮክ ቅርጫት ነው ያለኝ አለ። ቅርጫቶቹ በአዳራሹ ሰገነት መደገፊያ ላይ በግራና በቀኝ ተቸነከሩ። የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ዛሬም ከንፋስ መውጫ እስከ ኒውዮርክ የቀለበቱ ሕጋዊ ቁመት ያው ነው። አንድ ሰገነት የዓለምን ሜዳ ሁሉ ለካ ማለት ይቻላል። 13 ሕጎች ተጽፈው ሰሌዳ ላይ ተለጠፉ፣ 18ቱ ሰዎች ዘጠኝ በዘጠኝ ተከፈሉ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1891 ጨዋታው ተጀመረ። ለእግር ኳስ ወዳጅ ደስ የሚለው ነገር፣ የመጀመሪያው ቅርጫት ኳስ የተጫወቱባት ኳስ የእግር ኳስ ኳስ ነበረች።

ውጤቱስ? 1 ለ 0። የእኛን ሊግ ይመስላል። ብቸኛዋን ጎል ያስቆጠረው ዊልያም ቼዝ የተባለ ተማሪ ሲሆን ከ7 ሜትር ከግማሽ ገደማ ርቀት ነው የጣላት። ቅርጫቱ ታች ድፍን ስለነበረ ኳሷን ለማውጣት መሰላል ያስፈልግ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ፍራንክ ማሃን ጨዋታው በናይስሚዝ ስም ይጠራ ቢል ናይስሚዝ ሳቀበት፤ እንግዲያው ቅርጫት ኳስ ይባል ተባለና ጸና።

ጉልበትና ጉልበት

በአማርኛችን ጉልበት ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ኃይል ነው፣ ሌላው የእግር መታጠፊያ። የናይስሚዝ ቅርጫት የመጀመሪያውን ይቀጣል፣ ሁለተኛውን ይፈልጋል።

ነገሩ በሒሳብም ይታያል። የዛሬው ቀለበት ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የወንዶች ኳስ ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከላይ ቀጥ ብላ ለምትወርድ ኳስ ቀለበቱ ሙሉ 45 ሴንቲ ሜትር ክፍት ነው። በ45 ዲግሪ ለምትመጣ ኳስ ግን የሚታየው ክፍተት ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ይጠባል። በ30 ዲግሪ ዝቅ ብላ ለምትመጣዋ 22 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይቀራል፤ ከራሷ ከኳሷ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ያ እንደ ወንጭፍ የሚወረውረው ጎረምሳ ኳሷን በንጹህ ሊያገባት አይችልም። ስድስቱም የገቡለት ሰሌዳውና ቀለበቱ እያንገጫገጩ አስገብተውለት ነው።

ይህን ያወቀ መምህር ዓይኑን ከቀለበቱ ላይ ያነሳል። ከባድ ነው፤ የሰው ዓይን በተፈጥሮው ኳስ ተከትሎ ይሄዳል፣ ስታዲየም ውስጥ የሁላችንም አንገት አብሮ እንደሚዞረው ማለት ነው። ገምጋሚ ግን ኳሷ ከወጣች በኋላ እጁን ነው የሚያየው። የእጅ አንጓው ወደ ፊት ወድቋል? ጣቶቹ ወደ ታች ያያሉ? ኳሷ ላይ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ዙር ጥለዋል? ኳሷ መዳፍ ላይ ተቀምጣ ከነበረ ይሄ ሁሉ አይኖርም፤ መዳፍ ይገፋል እንጂ አያሽከረክርም። የሚረዳው ሁለተኛ እጅ ደግሞ ከጎን ደግፎ መቅረት ሲገባው ብዙ ጀማሪዎች በአውራ ጣታቸው ገፋ ያደርጓታል፣ ኳሷም ወደ ጎን ትሄዳለች። ልጁ ነፋስ ነው ይላል። ንፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ይሄ ሰበብ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፣ ማን ይከራከረዋል? ክርኑን ከፊት ቆሞ ያየ መምህር ግን ይከራከረዋል።

የሚቆምበት ቦታም ቀላል ነገር አይደለም። ከፊት ሆኖ ሲያዩ ክርን ወደ ውጪ መውጣቱ ይታያል፣ ከጎን ሲያዩ ደግሞ የጉልበቱ መታጠፍና የኳሷ ጉብታ። በአንድ ውርወራ ሁሉንም ልይ ያለ አንዱንም አያይም። በመጀመሪያዎቹ ኳሶች እግርና ጉልበት፣ ከዚያ ክርን፣ መጨረሻ ላይ አንጓ ብሎ ተራ በተራ ማየት ይሻላል። 10ሩም ኳስ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ መሆናቸው ራሱ ማርክ ያሰጣል፤ የተለመደ እንቅስቃሴ ነው ነገ የሚደገመው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሰባት ቁጥር ቅርጫት ኳስ 600 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ የእግር ኳስ ኳስ ግን 450 ግራም አይበልጥም። ጎልማሶቹ የስፕሪንግፊልድ ተማሪዎች የተጫወቱት በቀላሏ ነው። አቅም የሌለውን የ13 ዓመት ልጅ በከባዷ ኳስ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ወርውር ብሎ፣ ከወገቡ አንስቶ ስለወረወረ ቴክኒክ የለውም ብሎ ዜሮ መስጠት ፍርድ አይደለም። የእንቅስቃሴው ስህተት የልጁ ሳይሆን የኳሷ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ኳስ ስጡት፣ ጠጋ ብሎ ይወርውር፣ ያኔ እጁ ምን እንደሚያውቅ ይታያል።

ለጥያቄው መልስ ካስፈለገ፣ ልጅቷ ናት የበለጠውን ማግኘት ያለባት። ከ10 ማርክ ሰባቱን ለእንቅስቃሴ፣ ሦስቱን ለገባችው ኳስ የሚሰጥ መምህር ብዙም አይሳሳትም። ገባች አልገባችን ጭራሽ አልቆጥርም ማለትም አያዋጣም፤ ለምን ቢባል የመልክ ነገር ብዙ ሊቃውንትን አሳስቷል። እነሱን በኋላ እናገኛቸዋለን።

ተሸናፊው አሰልጣኝ

ናይስሚዝ በ1894 ሞድ ሸርማንን አገባ። ጨዋታው በተፈጠረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተጫወቱት ሴቶች አንዷ ነበረች። አምስት ልጆች ወለዱ። ወደ ዴንቨር ሄዶ ሕክምና ተማረና በ1898 ዶክተር ሆነ፣ በዚያው ዓመት ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ማጎልመሻና የጸሎት ቤት ኃላፊ አድርጎ ቀጠረው። ቅርጫት ኳስ ቡድንም ተቋቋመ። ፌብሩዋሪ 1899 ባደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ በካንሳስ ሲቲ ወወክማ 16 ለ 5 ተሸነፈ። ጨዋታው የተወለደበት ቤት የጨዋታውን አባት አሸነፈው ማለት ነው።

እስከ 1907 ቡድኑን ይዞ 55 አሸንፎ 60 ተሸነፈ። በዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛበት ቋሚ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ከሩቅ ጨዋታዎች አንዳንዱን ቡድኑን ብቻውን ልኮ የሚቀርበት፣ ዳኛ ሆኖም የሚያጫውትበት ጊዜ ነበር። እሱ ራሱ ቅርጫት ኳስ የተጫወተው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ጂምናስቲክና ትግል የተሻለ ሰውነት ይገነባሉ ብሎ ያምን ነበር።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ፎረስት አለን የሚባል ጎረምሳ ነበር፣ በቅጽል ስሙ ፎግ። በአቅራቢያው የሚገኝ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሁንልኝ ብሎ ሲጠራው ናይስሚዝ ሳቀ። ቅርጫት ኳስ ይጫወቱታል እንጂ አያሰለጥኑትም ብሎ መከረው። አለን አልሰማውም። በ1907 የመምህሩን ወንበር ወረሰ፣ ከዚያም ወጥቶ ተመልሶ እስከ 1956 ካንሳስን አሰለጠነ፤ 590 ድል አስመዘገበ። እግር እንዲህ ይቁም፣ ጉልበት እንዲህ ይታጠፍ፣ ኳሷ በጣት ትያዝ እያለ ጨዋታውን ወደ ትምህርት የለወጠው እሱና እሱን የመሰሉት ናቸው። ከአለን ተማሪዎች አዶልፍ ሩፕ ወጣ፣ ዲን ስሚዝ ወጣ። ዲን ስሚዝ ደግሞ ኖርዝ ካሮላይና ላይ ማይክል ጆርዳን የሚባል ልጅ አሰለጠነ። ይሄ ሁሉ ዘር ከአንድ ተሸናፊ አሰልጣኝ የተመዘዘ ነው።

ታዲያ ናይስሚዝ ተሳስቶ ነበር? በአሰልጣኝነቱ አዎ። ግን ጨዋታውን ያሰበው እንደ አስተማሪ መሆኑን መርሳት አይገባም። እሱ ዘንድ መምህሩ ቅርጫቱ ራሱ ነው። ልጁ በጉልበት ይወረውራል፣ ቅርጫቱ እምቢ ይላል፤ ቀስ አድርጎ ከፍ ያደርጋል፣ ቅርጫቱ ይቀበላል። የአልሞንት ድንጋይም ያስተማረችው በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ በአገራችን ሜዳ ላይ ይህ መምህር ሁልጊዜ ታማኝ አለመሆኑ ነው። ናይስሚዝ ቅርጫቱን የሰቀለው ከበረዶና ከነፋስ ሸሽቶ ጣሪያ ስር ነበር። እኛ ደግሞ ከጣሪያ አውጥተን ሜዳ ላይ ተከልነው። ነፋስ ባለበት ቅርጫቱ ይዋሻል፤ ያኔ አጠገቡ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

በ1930ዎቹ ጆን ማክሌንደን የሚባል ጥቁር ተማሪ ካንሳስ ገባ። በዘር መድልዎ የተነሳ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። ናይስሚዝ ግን አማካሪው ሆነ፣ አጠገቡ አቅርቦ አስተማረው። ማክሌንደን አንድም ቀን ለካንሳስ ሳይሰለፍ ተመርቆ ወጣና ቴነሲ ላይ በ1957፣ 1958 እና 1959 ሦስት የብሔራዊ ሻምፒዮና ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ናይስሚዝ ይህንን ለማየት አልቆየም።

በርሊን ላይ ዝናብ

በ1936 ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስፖርት ሆነ። ናይስሚዝ ከጨዋታው ሀብት ያላፈራ ሰው ስለነበር የመንገዱን ወጪ የሸፈኑለት በፎግ አለን ቀስቃሽነት ከግጥሚያ ትኬቶች ላይ ሳንቲም ያዋጡ አሰልጣኞችና ተመልካቾች ናቸው። የ74 ዓመቱ ሽማግሌ በርሊን ላይ የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ላይ ወረወረ። በዚያው ኦሊምፒክ ጣሊያን በእግር ኳስ ኦስትሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ወርቅ ወስዳለች። ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጦሯ አዲስ አበባ መግባቱን የሚያነሳ አልነበረም።

አዘጋጆቹ ቅርጫት ኳሱን ያካሄዱት ውጪ፣ የቴኒስ ሜዳ ላይ ነው። ኦገስት 14 ቀን ፍጻሜው ሲደረግ ዝናብ ወረደ፣ አሸዋና ሸክላ የሆነው ሜዳ ጨቀየ፣ ኳስ ማንጠር አልተቻለም። አሜሪካ ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። አንዷ የተወለደባት አገር፣ አንዷ በ1925 ዜግነት የወሰደባት። ሜዳሊያውን የሰጠው ራሱ ናይስሚዝ ነው። ከ45 ዓመት በፊት ከዝናብና ከበረዶ ያስገባው ጨዋታ ዓይኑ እያየ ጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ምን እንደተሰማው መገመት ነው።

አንድ እጅ

አሁን እነዚያን የተሳሳቱ ሊቃውንት እናንሳ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 ቀን ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ከካሊፎርኒያ የመጣው ስታንፎርድ ሎንግ አይላንድ ዩኒቨርሲቲን ገጠመ። ሎንግ አይላንድ በተከታታይ 43 ግጥሚያ አሸንፏል። በዚያ ዘመን ትክክለኛ ውርወራ ማለት ሁለት እግር መሬት ላይ ተክሎ፣ በሁለት እጅ ከደረት ላይ መልቀቅ ነው። የስታንፎርዱ ሃንክ ሉዊሴቲ ግን እየሮጠ፣ እየዘለለ በአንድ እጁ ይለቃታል። ልጅ ሆኖ በሁለት እጅ ቀለበቱ አልደርስ ብሎት ነው የለመደው ይባላል። 15 ነጥብ አስቆጠረ፣ ስታንፎርድ 45 ለ 31 አሸነፈ፣ የ43 ግጥሚያው ጉዞ ቆመ። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1938 ደግሞ ዱኬን ዩኒቨርሲቲ ላይ ብቻውን 50 ነጥብ አገባ።

ከኒውዮርክ ታላላቅ አሰልጣኞች አንዱ የነበረው ናት ሆልማን ይሄ ቅርጫት ኳስ አይደለም አለ፤ ለማሸነፍ የአንድ እጅ ውርወራ ማስተማር ካለብኝ ሥራዬን እተዋለሁ እስከማለት ደረሰ። የሆልማን የመገምገሚያ ወረቀት ቢኖር ሉዊሴቲ ወድቆ ነበር። ጥቂት ዓመታት አልፈው ግን የአሜሪካ ልጆች ሁሉ በአንድ እጅ መወርወር ጀመሩ። ዛሬ መምህሩ ንፋስ መውጫ ላይ የሚፈትነው ክርን ስር፣ አንጓ ፊት የሚባለው ነገር የዚያ የተናቀ ውርወራ ልጅ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ዊልት ቻምበርሊን ማርች 2 ቀን 1962 ብቻውን 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ምሽት ከ32 የቅጣት ውርወራ 28ቱን ያገባው በሁለት እጁ ከጉልበቱ ስር እያነሳ፣ የድሮ ሰዎች እንደሚያደርጉት ነው። በኋላ የሚያሳፍር መስሎት ተወው፣ የቅጣት ውርወራውም ተበላሸበት። ሰው መልኩን ፈርቶ የሚጠቅመውን ጣለ።

ናይስሚዝ በሕጉ ላይ የሚደረገውን ለውጥ ሁሉ አይወድም ነበር። ከእያንዳንዱ ጎል በኋላ መሀል ላይ ኳስ ተወርውሮ የሚጀመርበት ሥርዓት በ1937 ሲቀር ተቃውሟል። ሞድ በዚያው ዓመት ሞተች። እሱ በ1939 ዳግመኛ አግብቶ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ኖቬምበር 28 ቀን፣ ካንሳስ ሎረንስ ከተማ ውስጥ በ78 ዓመቱ አረፈ። ስለ ጨዋታው አጀማመር የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1941 ነው። ስፕሪንግፊልድ ላይ የተቋቋመው የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ በ1959 ስሙን ያዘ።

ያ 14 ቀን ሊያልቅ ሲል የተጻፈው የ13 ሕጎች ወረቀት ደግሞ በዲሴምበር 2010 ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጦ አሁን ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የመጀመሪያው ሕግ ኳሷ ወደፈለጉት አቅጣጫ፣ በአንድም ሆነ በሁለት እጅ ልትወረወር እንደምትችል ይፈቅዳል። ስለ ክርን፣ ስለ አንጓ፣ ስለ ጉልበት ግን 13ቱም ውስጥ አንድ ቃል የለም።